ስለወደደችው በነጻ ትሥራ?

ለመሆኑ፣ ሰው የሚወደውን ሥራ ሲሠራ ዋጋ ሊጠይቅበት ይገባዋልን? ከአንድ ዓመት በላይ በነጻ የጻፍኩለት አንድ አዘጋጅ፣ ስለ ክፍያ ባነሳሁበት ቀን «አንቺ እኮ የምትጽፊው ለፍቅር ነው!» ሲለኝ መልስ አጣሁ። እውነቱን ነበርና። መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ፣ ከአንዲት የእንግሊዝ ራግቢ ተጫዋች ታሪክ ነው።

ራግቢ በአገራችን እምብዛም አይታወቅም። አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ሆነው፣ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ፣ ተቃራኒው ደግሞ ይዞ መሬት ላይ እየጣላቸው የሚጫወቱት ብርቱ ጨዋታ ነው። ማጊ አልፎንሲ እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን ውስጥ ስትወለድ እግሯ ቆልማማ ነበር። ዘሯ ከናይጄሪያ ነው፤ ያሳደገቻትም እናቷ ብቻዋን ናት። ወደ ራግቢ የመራቻት የስፖርት መምህርቷ ሊዛ በርጀስ ስትሆን፣ እርሷም የዌልስ ሴቶች ቡድን አምበል የነበረች ናት።

ማጊ ለእንግሊዝ 74 ጊዜ ተሰለፈች። ሰባት ቁጥር ለባሽ ነበረች። የሰባት ቁጥር ዋና ተግባሩ ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል፣ ከመሬት ላይ ኳሱን መንጠቅ፣ ተነሥቶ እንደገና መውደቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጨበጨበው ለሌላው ነው። ያለ ዕረፍት በመውደቅና በመነሣቷ «ማሽኗ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። በ2006 በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በኒውዚላንድ ተሸነፉ። በ2010፣ በገዛ ከተማዋ በለንደን፣ 13 ለ10 እንደገና ተሸነፉ። በ2014 ፓሪስ ላይ ካናዳን 21 ለ9 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ።

እንግዲህ የዚያን ቀን ዋንጫውን ያነሡት እነማን ነበሩ? አምበሏ ኬቲ ዴሊ ማክሊን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ሶፊ ሄሚንግ የእንስሳት ሐኪም ነበረች። እንጀራቸው ሌላ፣ ራግቢያቸው ሌላ ነበር። በዚያው ዓመት ፌዴሬሽኑ ለ20 ሴቶች የደመወዝ ውል ሰጠ፤ ውሉ ግን ሰባት ለሰባት ለሚደረገው ጨዋታ ነበር። በ2019 ደግሞ ለአሥራ አምስቱ ቡድን 28 ተጫዋቾች የሙሉ ጊዜ ውል ተሰጠ። ማጊ ግን በ2014 ጫማዋን ሰቅላ ነበር።

«ታዲያ ማን አስገደዳቸው? ወደው አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በ1991 ዌልስ ውስጥ ሲካሄድ የጨዋታው ዓለም አቀፍ ቦርድ ዕውቅና አልሰጠውም ነበር። ያዘጋጁት አራት ሴቶች ናቸው። የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች የውጭ ምንዛሪ ስላልነበራቸው ሸጠው ወጪያቸውን ሊሸፍኑ ቮድካና የዓሣ እንቁላል ተሸክመው መጡ። ያን ጊዜ ለእነዚያ ሴቶች ማን ዕዳ ነበረበት? ማንም። ገንዘብ ያገኘባቸው አልነበረም፤ ሊያውቃቸውም የፈለገ አልነበረም። ፍቅራቸው ንጹሕ ነበር፤ እንዲያውም በገንዘብ ያልተለካ ስለ ነበር ማንም ሊያዝዝበት አልቻለም። ይህን ነጻነት ደመወዝ ሊያጎድለው እንደሚችል አልክድም።

ነገር ግን በ2014 ዋንጫው የተቀመጠው በማን መደርደሪያ ነው? ስሙ የተጠራው፣ ክብሩ የተቆጠረው ለማን ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከሰው ላብ የሚገኘውን ፍሬ መውሰድ የጀመረ ወገን፣ «እርሷ እኮ የምትሠራው ወድዳ ነው» የማለት መብቱን ያን ዕለት ያጣል። ፍቅር ሠሪዋ ለምን እንደምትሠራ ይነግረናል፤ ተቀባዩ ምን እንደሚገባው አይነግረንም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የአንዱን መልስ ለሌላው መስጠት ማጭበርበር ነው።

ደግሞም በዚህ ዘዴ ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳው ከሁሉ የበለጠ የወደደው ነው። ሥራውን የሚጠላ ሰው ካልተከፈለው ይሄዳል። የሚወድ ግን ይቆያል፤ መቆየቱም መስማማት ተብሎ ይቆጠርበታል። ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናቶቻችን ይህን ሒሳብ ያውቁታል።

በመስከረም 2025 ለንደን ውስጥ በተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ13 ስትረታ ሜዳው ውስጥ 81,885 ተመልካች ነበር። አሸናፊዎቹ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ፍቅራቸው ግን የቀነሰ አይመስልም ነበር። ተሸናፊዎቹ ደግሞ ለውድድሩ ዝግጅት የጎደለውን ለመሙላት አንድ ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከሕዝብ ለማሰባሰብ ዘመቻ ከፍተው የመጡ ነበሩ። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለቱ ዘመናት ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ለዚያ አዘጋጅም አሁን መልስ አለኝ። አዎን፣ የምጽፈው ለፍቅር ነው። ፍቅሩ የእኔ ነው። ጽሑፉ ግን ያለው መጽሔቱ ውስጥ ነው፤ መጽሔቱም ይሸጣል።