ሕፃን ብቻውን ለሚያነበው መጽሐፍ ኃላፊው ማን ነው?



ልጅ ማንበብ ሲጀምር የቤቱ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እናት ለጎረቤት ታወራለች፤ አባት የጋዜጣ አርእስት እያሳየ «እስቲ ይህን አንብብ» ይላል። ነገር ግን ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ቃል አጣምሮ፣ ከአስነባቢው እጅ ወጥቶ መጽሐፉን ይዞ ጥግ ከያዘ በኋላ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ብቻውን ሆኖ ለሚያነበው ነገር ኃላፊው ማን ነው? ጸሐፊው ነው? አሳታሚው ነው? ወይስ መጽሐፉን መርጦ የሰጠው ሰው? ስለ ሳይንስ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያስገደደኝ በገዛ ቤቴ የደረሰ ጉዳይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ታናሽ ወንድሜ የ8 ዓመት ልጅ ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ስለምማር በቤታችን የመጽሐፍ ነገር ለእኔ የተተወ ነው። ባለፈው የልደት ቀኑ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ስለ ሰው አካል የሚናገር፣ በአማርኛ የተዘጋጀ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገዝቼ ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሥዕሎቹን ከማየት በቀር አላነበብኩትም። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ፊደሉም ጎላ ያለ ነበር፤ በቃኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለፈተና ሳጠና ልጁ መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። ፊቱ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ ምላሴ ታሟል መሰለኝ» አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ መጽሐፉ ጣፋጭ ነገር የሚታወቀው በምላስ ጫፍ ብቻ፣ መራራም በምላስ ሥር ብቻ ነው እንደሚል፣ እርሱ ግን ከጓዳ ስኳር ወስዶ በምላሱ ጎንና ወደ ኋላ ቢያደርገው እንደ ጣፈጠው ነገረኝ። እኔም ጥናቴን ስላቋረጠኝ ተቆጥቼ፣ «መጽሐፍ ካንተ ይበልጥ ያውቃል፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማህም? ሂድና በደንብ አንብበው» አልኩት። ምንም ሳይናገር ሄደ።

ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ስኳሩን በገዛ ምላሴ ሞከርኩት። በጎን ጣፈጠኝ፤ ወደ ኋላም ጣፈጠኝ። በማግሥቱ ስለ ነገሩ ባነብ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1901 ሄኒግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በምላስ ክፍሎች መካከል ጥቂት የስሜት ልዩነት እንዳለ ለክቶ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ግን ይህን ጥቂት ልዩነት በድንበር እንደ ተከለለ አገር አድርገው ሣሉት። ሥዕሉም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ብዙ ተማሪዎችን አሳሳተ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት ባሉበት የምላስ ክፍል ሁሉ ጣፋጩም ጎምዛዛውም ጨዋማውም መራራውም ይታወቃል።

እንግዲህ የ8 ዓመቱ ልጅ ትክክል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ስሕተተኛ ሆነው ተገኙ። ይህ ግን ቀላሉ ነገር ነው። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ልጁ በገዛ ምላሱ ያወቀውና በመጽሐፉ የተጻፈው ሲጋጩበት፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ አላሰበም፤ እኔ ታምሜአለሁ ብሎ አሰበ። እኔም ይህንኑ አጸናሁለት።

ሕፃን ብቻውን ማንበቡ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አብረነው ስናነብ፣ መጽሐፉ ሲያጠፋ እናርማለን፤ ሲከብድ እናብራራለን። ብቻውን ሲሆን ግን መጽሐፉ በእኛ ቦታ ተተክቶ ይናገራል። ልጁ ጸሐፊውን አያውቀውም፤ አሳታሚውንም አያውቀውም። የሚያውቀው የሰጠውን ሰው ነው። መጽሐፉን የሚያምነው እኛን ስለሚያምን ነው። ስለዚህ መጽሐፍ መርጦ መስጠት ስጦታ ብቻ ሳይሆን አደራም ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ለገንዘብ አደራ ብቻ አይመስለኝም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ልጅ ካነበበ ያሻውን ያንብብ፤ ስሕተቱን ሲያድግ ያርመዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይፈራል፤ «የሳይንስ መጽሐፍ የልጁን እምነትና ጠባይ ያናውጣልና እስኪጎለምስ ይቆየው» ይላል። ይህ ሁለተኛው አስተያየት በእኛ በሰንበት ተማሪዎች ዘንድም ስለሚነገር በቸልታ ማለፍ አይገባም። ሁለቱንም በሁለት ሰዎች ታሪክ እንመዝናቸው።

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1791 ከአንጥረኛ አባት ተወለደ። በ14 ዓመቱ በለንደን ከተማ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው ነበር። አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየተነጋገረች የምታስተምርበት መጽሐፍ ነው። ፋራዳይ በመጽሐፉ ያነበበውን በአቅሙ በተገኘው ጥቃቅን ዕቃ እየሞከረ ያረጋግጥ ነበር፤ እውነት ሆኖ ስላገኘውም መጽሐፉን እንዳመነው በኋላ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚያስነሣ ያሳየው ይኸው ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያኑም ምእመን ሆኖ ኖሮ በሽማግሌነት አገልግሏል።

ሁለተኛው አልበርት አንስታይን ነው። 10 ዓመት ገደማ በሆነው ጊዜ በቤታቸው በየሳምንቱ ለማዕድ ይጋበዝ የነበረ ማክስ ታልሙድ የተባለ የሕክምና ተማሪ፣ በርንሽታይን የጻፋቸውን የሳይንስ መጻሕፍት ያመጣለት ነበር። ልጁም በጉጉት ጨረሳቸው። አንስታይን በእርጅናው በጻፈው ማስታወሻ፣ እነዚህን የመሳሰሉ መጻሕፍት ካነበበ በኋላ በ12 ዓመቱ የልጅነት ሃይማኖቱ እንደ ቆመ፣ ወጣቱ ሆን ተብሎ እየተዋሸ ነው የሚል ብርቱ ስሜትም እንዳደረበት ገልጿል።

የሚፈሩት ወገኖች «ይኸው፣ አላልንም?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ከታሪኩ የምረዳው ሌላ ነው። ሁለቱም የሳይንስ መጽሐፍ በልጅነታቸው አነበቡ፤ የደረሱበት መንገድ ግን የተለያየ ሆነ። ስለዚህ ልጅን ከእምነቱ የሚያወጣው ወይም በእምነቱ የሚያጸናው መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ልጅን ክፉኛ የሚጎዳው «ዋሹኝ» የሚለው ስሜት ነው። ይህ ስሜት ደግሞ መጽሐፍ በመደበቅ አይቀርም፤ እንዲያውም ይብሳል። የደበቅነውን ነገር አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ እኛን ይጠይቀናል።

ታዲያ «ያሻውን ያንብብ» የሚለው ወገን ረታ ማለት ነውን? አይደለም። የወንድሜ ምላስ ይመሰክርበታል። «ሲያድግ ያርመዋል» የምንለው ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት አሁን የሚደርስ ነው። ልጁ በዓይኑ ያየውን፣ በእጁ የዳሰሰውን መጠራጠር ከለመደ ሲያድግ በምኑ ያርማል?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ለሕፃን የሚጻፍ ሁሉ ተቀንሶና ቀልሎ ነው የሚጻፈው፤ የተቀነሰ እውነት ሁሉ ውሸት ከሆነ ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ አይኖርም» የሚል ነው። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ነገር ግን በመቀነስና በማጣመም መካከል ልዩነት አለ። «ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተቀነሰ ነው። ውኃው፣ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም አልተነገረም። ልጁ ሲያድግ በዚሁ ላይ ይጨምራል እንጂ አያፈርሰውም። «ጣፋጭ በምላስ ጫፍ ብቻ ይታወቃል» የሚለው ግን ሳይፈርስ ምንም አይታነጽበትም። ስለዚህ ለምርጫ የሚጠቅመው ጥያቄ «ሁሉን ተናግሯል ወይ?» ሳይሆን «ሲያድግ ይጨምርበታል ወይስ ያፈርሰዋል?» የሚለው ነው።

ከዚህ በመነሣት ለራሴ ያወጣኋቸውን ጥቂት መመዘኛዎች ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ራሴ ከዳር እስከ ዳር ያላነበብኩትን መጽሐፍ አልሰጥም። የሕፃን መጽሐፍ ለማንበብ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ልጁ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ፤ ያላወቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ያጥፋል። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ አብረን የምናነበው እንጂ ብቻውን የሚያነበው አይደለም።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ «እንዲህ ነው» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ነው ወይስ እንዴት እንደ ታወቀም ይናገራል? ባቄላን በእርጥብ ጥጥ ላይ አድርገህ በየቀኑ ተመልከት፤ ጥላህን ጧትና ቀትር ላይ ለካ የሚል መጽሐፍ ልጁን ፈራጅ ያደርገዋል። እሳትና ኤሌክትሪክ እንዲነካ የሚያዝዘውን ግን ብቻውን አንሰጠውም።

አራተኛ፣ የታተመበትን ዘመን እመለከታለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተሙ ብዙ መጻሕፍት ፕላኔቶች 9 ናቸው ይላሉ። በዚያ ዓመት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ማኅበር በፕራግ ተሰብስቦ ፕሉቶን ከፕላኔቶች ቁጥር ስላወጣው ዛሬ 8 ናቸው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መጣል አያስፈልግም። ሳይንስ ራሱን እንደሚያርም ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ግን አስቀድሞ መንገር ያሻል።

«ይህ ሁሉ መምረጫ ላለው ሰው ነው፤ በቤታችን ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች የሳይንስ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ ዋጋውም ለብዙ ቤት ከባድ ነው። ምርጫ በጠበበበት ግን ኃላፊነታችን አይቀርም፤ ቦታውን ይለውጣል እንጂ። ከማንበቡ በፊት መምረጥ ካልቻልን፣ ካነበበ በኋላ መጠየቅና ማዳመጥ እንችላለን። «ምን ተማርክ?» ብቻ ሳይሆን «ያልመሰለህ ነገር አለ?» ብለን እንጠይቀው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። የሚያስወጣው ትዕግሥትና «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ለማለት የሚበቃ ትሕትና ነው። እኔ በዚያች ቀን ያጣሁት ይህን ነበር።

በመጨረሻ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምላስህ ደኅና ነው፤ የተሳሳትነው መጽሐፉና እኔ ነን» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ መጽሐፍ የጻፈው ሰው ስኳር አልነበረውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አልቻልኩም። መጽሐፉን ከቤት ላስወጣው ፈልጌ ነበር፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። እርሳስ አምጥቶ በምላሱ ሥዕል ሥር በልጅ እጁ «ሞከርኩት፤ ከኋላም ይጣፍጣል» ብሎ ጻፈና ወደ ሚቀጥለው ገጽ ገለጠ።

ይቆየን።