ማትረፍና ማዳን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠፈራችን አንድ ቤት ሌሊት በእሳት ተያይዞ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ሲራወጥ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዘግየት ብለው የደረሱ አንዲት እናት አስቀድመው «ሰው ተርፏል?» ብለው ጠየቁ፤ ሁሉም በደኅና መውጣታቸው ሲነገራቸውም አማትበው፣ «ከዕቃውስ የተረፈ አለ?» አሉ። በዚያው ሌሊት ከጢሱ መካከል አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ጎትቶ ያወጣ ጎረምሳ ነበረ፤ ቅንድቡ እንደ ተለበለበ ሣጥኑን በባለቤቲቱ እግር ሥር አኑሮ ወደ ባልዲው ተመለሰ እንጂ፣ የድካሜን ዋጋ ክፈሉኝ የሚል አሳብ በልቡ አልዞረም፤ ቢዞርና ቢናገረው ኖሮም ከዚያ ቀን ወዲያ በዕድራችን ውስጥ ቀና ብሎ የሚቀመጥ አይመስለኝም።

ያች እናት ስለ ሰውም ስለ ዕቃም የጠየቁት በአንድ ግስ ነው። ከዚሁ «ተረፈ» ከሚለው ግስ «አተረፈ» ይወጣል፤ ሐኪሙ በሽተኛውን አተረፈ እንላለን፣ የበርበሬው ነጋዴም በኩንታሉ ይህን ያህል አተረፈ እንላለን፤ ወንጌሉም በአማርኛ ሲነበብ ዓለምን ሁሉ ስለ ማትረፍና ነፍስን ስለ ማጉደል የሚጠይቀው በዚሁ በገበያው ቃል ነው። «ዳነ» ግን ከግዕዙ «ድኅነ» የወረደ፣ መድኃኒትንና መድኃኔ ዓለምን በአንድ ሥር የሚያስተሳስር ቃል ስለ ሆነ ንግድ አያውቅም። እንግሊዞችም «ሳልቬሽን» ብለው የነፍስን ድኅነት፣ «ሳልቬጅ» ብለው ከመስጠምና ከመቃጠል የተረፈውን ንብረት ሲጠሩ፣ ሁለቱን ቃላት የወለደው አንድ የላቲን ግስ ነው፤ አንደኛው ልጅ ወደ ቤተ መቅደስ፣ ሁለተኛው ወደ ወደብ ሄደ።

ወደ ወደብ የሄደው ልጅ የራሱን ሕግ አወጣ። በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበን መርከብ ወይም ጭነት፣ ግዴታ ሳይኖርበት በፈቃዱ ደርሶ ያተረፈ ሰው፣ ካተረፈው ንብረት ዋጋ ላይ የሚቈረጥለት ወሮታ አለው፤ ንብረቱ ካልተረፈ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከማዕበል ጋር ሲታገል ቢያድርም፣ ገመዱ ቢበጠስ የራሱም መርከብ ቢጎዳ፣ በኋላ ዘመን ስለ ባሕር ብክለት ከተደነገገው በቀር የሚጠይቀው ነገር የለውም። የእንግሊዝ ዳኞች ይህን ሥርዓት ወደ የብስ ለማሻገር እምቢ ብለዋል፤ ስለዚህ የሠፈራችን ጎረምሳ በእነርሱም ችሎት ቢቆም ባዶ እጁን በተመለሰ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ባሕር ዕድርና ጎረቤት የሌለባት አገር ስለ ሆነች፣ በየብስ በይሉኝታና በፍቅር የሚደረገውን እዚያ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆኖባቸው ነው።

ይህን ሁሉ ሲነግዱ የኖሩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ከገበያው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1910 በብራስልስ የተፈረመው የመንግሥታት ስምምነት፣ ነፍሱ የተረፈለት ሰው ምንም አይከፍልም አለ፤ ደግሞም ማናቸውም የመርከብ አዛዥ በራሱ መርከብና በሰዎቹ ላይ ብርቱ አደጋ የማያመጣበት እስከ ሆነ ድረስ፣ በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበን ሰው ሁሉ፣ ጠላቱ ቢሆን እንኳ፣ እንዲረዳ አዘዘ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብ በመላጥያ ዳርቻ ስትሰበር፣ ስንዴው ወደ ባሕር ተጥሎ፣ ቀፎዋም በማዕበል ተከፍሎ፣ 276ቱ ነፍሳት ብቻ ግማሹ በዋና ግማሹም በሳንቃ ወደ የብስ ወጡ፤ የባሕር ሕግ አዋቂ ያን ምዕራፍ ቢያነብ ወሮታ የሚታሰብበት አንድ ቁና ስንዴ እንኳ አያገኝም።

እንግዲህ የሕጉ ምሥጢር ይህ ነው፤ ለነፍስ ዋጋ ያልተቈረጠው ነፍስ ርካሽ ስለ ሆነች ሳይሆን፣ ነፍስን ማዳን የሁሉ ግዴታ ስለ ሆነ ነው፤ ግዴታ ባለበትም ወሮታ የለም። የመርከቡ ባሕረኛ የራሱን መርከብ ከማዕበል ቢያወጣ፣ በወንጌል እንደ ተነገረላቸው አገልጋዮች፣ የታዘዘውን ብቻ አድርጓልና ከደመወዙ በቀር አይጠይቅም።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1940፣ ሳን ዴሜትሪዮ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከ11,000 ቶን በላይ የአውሮፕላን ቤንዚን ጭና በአትላንቲክ ስታልፍ፣ አድሚራል ሼር የተባለው የጀርመን የጦር መርከብ በመድፍ መትቶ አቃጠላት፤ አዛዡም መርከቢቱን ልቀቁ ብሎ ሰዎቹ በጀልባ ወረዱ። ከእነዚህ አሥራ ስድስቱ በማግሥቱ ስትቃጠል ዳግመኛ አገኟት፤ በቤንዚን ላይ የሚነድ እሳት ነውና ፈርተው አንድ ሌሊት ደግሞ በጀልባቸው አደሩ፣ ሲነጋ ግን ብርዱና ማዕበሉ ከእሳቱ የከፋ ሆኖባቸው ወጡባት። እሳቱን አጠፉ፣ ሞተሩን ጠገኑ፤ የአዛዡ ማማ ከነካርታው ተቃጥሎ ነበርና ያለ ካርታ እየመሩ እስከ ስኮትላንድ አደረሷት። ፍርድ ቤቱም 14,700 ፓውንድ ወሮታ ፈረደላቸው። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያችው መርከብ፣ ሳይለቋት ቢያተርፏት ኖሮ አንዲት ሳንቲም ባልተጨመረላቸው ነበር፤ ልዩነቱን የሠራው ድካማቸው ወይም አደጋው ሳይሆን፣ ግዴታቸው በአዛዡ ቃል ተፈትቶ በፈቃዳቸው መመለሳቸው ነው።

የባሕር ሕግ እንግዲህ ሁለት ዓይነት አዳኝ ብቻ ያውቃል፤ ግዴታ ኖሮበት የማይከፈለውንና ግዴታ ሳይኖርበት የሚከፈለውን። ሊቃውንቶቻችን ነገረ ሥጋዌን ሲያመሠጥሩ የሚነግሩን ግን ማንም ያላስገደደውን፣ ማንም ሊከፍለው የማይችለውን፣ ራሱ ቤዛ ሆኖ የከፈለውን ነው፤ ለእርሱ በዚያ ሕግ ውስጥ አንቀጽ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም።

እኛ ምእመናኑ ግን ብዙ ጊዜ ከሊቃውንቱ ይልቅ ወደ መርከበኞቹ እንቀርባለን። በለንደን የሚዘጋጀው የታወቀው የመርከብ ማዳን ውል በራሱ ላይ «ካልተረፈ ክፍያ የለም» የሚል ቃል አለው፤ ቁልቢ ገብርኤል ላይ ቆመን «ልጄን ብታድንልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ስንል፣ በልባችን ያለው ካላዳንክልኝ አላገባም የሚል ከሆነ፣ የተሳልነው ስለት ሳይሆን የተፈራረምነው ያንኑ ውል ነው። ጃንጥላው ይግባ፤ እኔም አግብቻለሁ፤ ነገር ግን ምስጋና ተብሎ ይግባ እንጂ ወሮታ ተብሎ አይጻፍ።

ሳን ዴሜትሪዮ ተጠግና እንደ ገና ወደ ባሕር ወጣች፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1942 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በአሜሪካ ጠረፍ አንጻር በቶርፒዶ መትቶ አሰጠማት።