የእንስሳው ቁርበት ለሰው ቁስል

ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ ናት። በዚያ ቆላ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን በሬና በግ ሲነዳ ኖሯል፤ ክርስቲያኑና እስላሙም በአንድ ገበያ ይውላሉ፥ በሥጋው ግን ይለያያሉ። ማን ባረደው፥ በማን ስም ተባረከ ብሎ ሳይጠይቅ የሚበላ ጥቂት ነው። እንግዲህ በሥጋ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፥ ሐኪም በቁስሉ ላይ ከእንስሳ ቁርበት የተሠራ ስስ መሸፈኛ ቢያኖርለት፥ የማን ቁርበት ነው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋልን? ወይስ በመድኃኒት ዘንድ እንስሳ ሁሉ አንድ ነው?

የነገሩ ሥር ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ስሙ ከጽርእ የመጣ ሲሆን ሙጫ የሚያስገኝ ማለት ነው፤ ቁርበትና ጅማት ሲቀቀል ሙጫ ይወጣዋልና። ብራና ፋቂ ስሙን ሳያውቅ ሲሠራበት ኖሯል፤ የበግ ሌጦ ስብ ስላለው ብራናው ይወይባል፥ ስለዚህ ፍየሉን ይመርጣል። የዛሬ ሐኪሞችም እንዲሁ ይመርጣሉ። የላም፥ የእሪያ፥ የዓሣ ኮላጅን አሟሙተውና አጥበው ለቃጠሎ መሸፈኛ፥ ለደም ማቆሚያ፥ ለአጥንት መሙያ ያደርጉታል። በፈረንጆች ቁጥር በ1981 ያናስና በርክ የተባሉ የቦስተን ሊቃውንት ከላም ኮላጅንና ሻርክ ከሚባለው ዓሣ ልም አጥንት በወጣ ቅመም ለተቃጠለ ሰው ሰው ሠራሽ ቆዳ እንዳበጁ አስታወቁ።

ሰውነት ግን እንደ ኅሊና አይፈርድም። ላም ለሁለቱም ሃይማኖት የተፈቀደች ናት፤ ሆኖም የላም ኮላጅን በመርፌ ከቆዳቸው በታች ከሚገባላቸው ሰዎች ከመቶው 3 የሚያህሉት ሰውነታቸው ይቆጣባቸዋል፥ ስለዚህ አስቀድሞ በክንድ ላይ ይፈተን ነበር። ከዚህም የባሰ መጣ። በ1986 በእንግሊዝ አገር የላሞች እብደት ታወቀ፤ በ1996 ሕመሙ ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ የአገሩ መንግሥት አስታወቀ፤ በዚያ አገር ብቻ ከ170 በላይ ሰዎች ሞቱበት። ሕመሙን የሚያመጣው ነገር በመቀቀል አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ኮላጅን ሠሪዎች የላሙን አገርና መንጋ እየመረመሩ መግዛት ጀመሩ፤ ይህ ሕመም በተፈጥሮዋ ወዳልተገኘባት ወደ እሪያም ዘወር ያሉ አሉ። ለሆድ የተፈቀደችው ተፈራች፥ የተከለከለችው ታመነች።

ዓሣስ? ሁሉን የሚያስማማ ይመስላል። ነገር ግን የዓሣ ኮላጅን ጠባዩ እንደ ኖረበት ውሃ ነው፤ ከቀዝቃዛ ባሕር የወጣው በ15 ዲግሪ ገደማ ይፈታል፥ የሰው ገላ ደግሞ 37 ነው። በሞቃት ውሃ የሚኖረው ቆሮሶ የተሻለ ይጸናል፤ በብራዚል አገር በፎርታሌዛ ሐኪሞች ቆዳውን በቃጠሎ ላይ አልብሰው ሕሙማንን ረድተውበታል። የዚያ ዓሣ ዓይነት በጣናም ይጠመዳል። በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ የሚሠራ ሐኪም ይህን ልዩነት ችላ ሊለው አይገባም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንዳንዶች፥ ቁርበቱ ሟሙቶ ከታጠበ በኋላ እሪያነቱ ጠፍቷል ይላሉ። በእስልምና ሕግ ይህን መለወጥ ኢስቲሐላ ይሉታል፤ ዐዋቂዎቹ ግን በእሪያ ጄላቲን ላይ ሁሉም አልተስማሙም። ሌሎች ደግሞ፥ የተከለከለው መብላት ነው እንጂ ቁስል መሸፈን አይደለም ይላሉ። ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያን በድኑን መንካትንም ይከለክላልና ይህ መልስ ለጠንቃቃው አይበቃም። ይልቅስ ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት እንደ በላ የሚያውቅ ካህን፥ የተቃጠለ ሕፃን ከመዳን እንዲቀር አይፈርድም።

የመጀመሪያው መልስም እንከን አለበት። ባለመድኃኒቱ በሽታ ሲፈራ ላሙ የየት አገር ነው ብሎ ይጠይቃል፤ በሽተኛው ሕጉን ሲፈራ ግን ምንጩ ጠፍቷል ይለዋል። ምንጩ ለአንዱ ፍርሃት ካለ ለሌላውም አለ።

ቢነገረው እምቢ ብሎ ይሞታል የሚል ይኖራል። ደም በሚፈስበት ሰዓት እውነት ጊዜ የለም። ቃጠሎ ግን በብዙ ሳምንት የሚድን ነው፤ የላሙን መርጦ የእሪያውን ለመተው፥ ካህኑን ወይም ሼኩን ጠርቶ ለመጠየቅ ፋታ አለ። የሳጥኑ ጽሕፈት በባዕድ ፊደል ነው፤ በሰሊጥ ማሳው ላይ እሳት የያዘው የቆላ ገበሬ አያነበውም። ሊያነብለት የሚችለው ያው ቁስሉን የሚሸፍንለት ሐኪም ነው።