የፊት ጎማው የማን ነው?

«ገንዘቡ የእኔ፣ ሞተሩ የእኔ፣ ነፍሱም የእኔ፤ ሌላውን ምን አገባው?» የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። ለመሆኑ ግን ሁልጊዜ እውነት ነውን? እስቲ በትንሽ ነገር እንፈትነው፤ በሞተር ሳይክል የፊት ጎማ።

ሳሪስ አቦ ላይ አንድ ሰው ክሩዘር ሞተሩን ይዞ ጎሚስታ ዘንድ ቆሟል እንበል። ወንበሩ ዝቅ፣ አካሉ ረዘም ያለው ይህ ሞተር የፊት ጎማው ቀጥኖበታል፤ ግርማ እንዲኖረው ሰፋ ያለ ይሻል። በአሮጌው ጎማ ጎን 130/90-16 ተጽፏል፤ ስፋቱ 130 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። የፈለገው 150/80-16 ነው። ልዩነቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ብቻ።

ዳሩ ግን ይህች አውራ ጣት ብዙ ትነካለች። በግራና በቀኝ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይጠፋል፤ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ቸርኬው ጠባብ ከሆነ ሰፊው ጎማ ይጨመደድበትና ቅርጹን ይለውጣል። መሪው ይከብዳል፤ ያንኑ ኩርባ በያንኑ ፍጥነት ለመዞር ሞተሩ ይበልጥ ማዘንበል ይኖርበታል። «ሁሉም በአያያዝ ነው» ይል ይሆናል ባለቤቱ። እጁ የለመደው ግን የአሮጌውን ጎማ አያያዝ ነው።

ታዲያ ውበትን መሻት ከንቱነት ነውን? አይደለም። በቅሎውን በመርገፍ ያስጌጠ አባት አልተነቀፈም፤ ልጓሙን ግን አላላም። ሃርሊ ዴቪድሰንም በ2018 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ፋት ቦይ ለተባለው ሞተሩ 160 ሚሊ ሜትር የፊት ጎማ ሰጥቶታል። ነገር ግን ጎማውን ብቻ አልቀየረም፤ አካሉንም ጭምር እንደ አዲስ ሠርቶ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ክፍል የለወጠ ሰው ለሙሉው ተጠያቂ መሆንን አብሮ ይረከባል።

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ከከባድ መኪና ጎን ለጎን የሚነዳው ሞተረኛ ብቻውን አይደለም። ከኋላው የተፈናጠጠ ወዳጅ አለ፤ መንገድ የሚያቋርጥ ተማሪ አለ። እነዚህ ስለ ጎማው ምርጫ አልተጠየቁም፤ ስለ ውጤቱ ግን በሥጋቸው ሊመልሱ ይችላሉ። የገዛ ነፍስን አደጋ ላይ መጣል መብት ነው ብንል እንኳ፣ የእነርሱን አብሮ ማስያዝ ከየት የተገኘ መብት ነው?

ጎሚስታውም «ባለቤቱ አዞኝ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም። ሙያ ማለት ደንበኛው የማያየውን አይቶ መናገር ነው። ክፍተቱን ይለካ፤ ቸርኬው ይመጥን እንደሆነ ያረጋግጥ፤ የማይሆን ከሆነም ክፍያው ቢቀርበት እንኳ «አይሆንም» ይበል። ባለቤቱም ቢሆን ገጥሞ ሲያበቃ ጭር ባለ ሜዳ ላይ ለብቻው ቀስ ብሎ ይሞክረው፤ ሰው ከማፈናጠጡ በፊት።

እንግዲህ ሞተሩ የባለቤቱ ነው፤ ደረሰኙም ይመሰክራል። መንገዱ ግን የጋራችን ነው፤ የፊት ጎማው ደግሞ የሚያርፈው በመንገዱ ላይ ነው።