ስም ይወጣል ከቤት

ልጄ፣ ያን ቪዲዮሽን የጎረቤት ልጆች በስልካቸው አሳዩኝ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል አሉኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅሽም። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል፦ መታየትና መታወቅ ለየቅል ናቸው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዕለት፣ ሮም ላይ ማራቶን የሮጡ ሁለት አበበ ነበሩን። አንዱን ታውቂዋለሽ፤ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ያመጣልን አበበ ቢቂላ። ሁለተኛውስ? አበበ ዋቅጅራ ይባላል፤ 7ኛ ወጣ። ያው መንገድ፣ ያው ምሽት። ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ስንት ሰው ነው? ላቡ ከወንድሙ ላብ ያንሳል የሚለኝ ካለ አልሰማውም። ዝና አንዱን አንስቶ ሌላውን ይተዋል፤ ዳኝነት አያውቅም። በእሱ ሚዛን ራስሽን እንዳትመዝኚ።

ቢቂላንም ቢሆን ከዚያ ምሽት በፊት ከክቡር ዘበኛ ጓደኞቹና ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይሉ የለ? ሮም ስሙን አስተጋባችው እንጂ ስሙ የተሠራው እዚህ፣ አጨብጫቢ በሌለበት ዳገት ላይ ነው።

በ1957 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ዳግመኛ አሸነፈ። በ1961 ደግሞ መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዓለም የሚያውቀው በእግሩ ነበር፤ እግሩ ሲከዳው ምን ቀረለት? እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሲታከም ከቆየ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። በጥቅምት 1966፣ በ41 ዓመቱ፣ አረፈ። ሮምን የማያውቅ የለም፤ ቀስቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ አበበን ሳስብ የሚመጣብኝ ግን ያ ቀስት ነው።

«እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» ይላሉ አባቶቻችን። ታይተሽ አጠፋሽ እያልኩሽ አይደለም፤ ጨዋታሽ ያስቃል፣ ተሰጥኦም አለሽ። ብቻ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቀን የተናገርሽው ካልጣመው ፊቱን ያዞራል፤ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ያን ዕለት የሚያስፈልግሽ አንቺን የሚያውቅሽ ሰው ነው። ሦስት መቶ ሺሁ ፊትሽን አይቷል፤ ስትፈሪ ጥፍርሽን እንደምትነክሺ የምናውቅ ግን አራት አምስት ብንሆን ነው።

አንዷ እናትሽ ናት። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ደውላ አላነሳሽላትም። ብቆጣ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ብላ ተሟገተችልሽ። ዛሬ ማታ ደውይላት። ቪዲዮውን አላየችውም፤ የእሷ ስልክ ባለቁልፍ ነው። አንቺው በአፍሽ ተርኪላት።