የእንግዳ ዕዳ



በአገራችን የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ብሎ ማስገባቱ የቆየ ልማዳችን ነው። እግሩ ይታጠባል፣ ይነጠፍለታል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል። ስለ እንግዳ ተቀባዩ ግዴታ ብዙ ተነግሯል፣ ብዙም ተመክሯል። ስለ እንግዳው ግዴታ ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም፦ ልጆቹን ይዞ የተጓዘ ሰው፣ ባለቤቱ በሌለበት ያረፈበትን ቤት አጽድቶ የመውጣት ዕዳ አለበትን? ወይስ ማጽዳቱ ጨዋ ሰው በፈቃዱ የሚጨምረው ምርቃት ብቻ ነው?

ጉዳዩ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች አዲስ አይደለም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ምእመናን የጣናን ገዳማት ለመሳለም ወደ ባሕር ዳር ይመጣሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንዶች ብቻ የተፈቀዱ ሲሆኑ፣ በዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግን ሴቶችም ስለሚሳለሟት ባልና ሚስት ሕፃናቱን አስከትለው መምጣት ይችላሉ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ቤተሰብ ሙሉ ቀን በመኪና ሲጓዝ ይውላል፤ በማግሥቱ ደግሞ ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል በጀልባ ይሄዳል። በመካከሉ ሁለትና ሦስት ሌሊት ማደር ግድ ነው። ለስድስት ሰው በሆቴል አልጋ መያዝ ደግሞ ለሁሉም አቅም የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ዘመድ ይፈለጋል። ዘመድ ግን ሁልጊዜ ቤቱ አይገኝም፤ ለለቅሶ ወደ ገጠር ወርዶ፣ ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን በስልክ «ቁልፉ ከጎረቤት አለላችሁ፤ እንደ ቤታችሁ ሁኑበት» ይላል።

«እንደ ቤታችሁ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የምንሰማው በአንድ ጆሮ ነው። እንደ ልባችሁ ብሉ፣ እንደ ልባችሁ ተኙ ማለት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው መብላትና መተኛት ብቻ ነውን ሥራው? ጠዋት የሚጠርገው፣ የፈሰሰውን የሚወለውለው፣ ባዶውን ጀሪካን የሚሞላው ማን ነው? እንደ ቤታችሁ ማለት መብቱንም ግዴታውንም በአንድነት መስጠት ነው። መብቱን ተቀብሎ ግዴታውን ደጃፍ ላይ ትቶ የሚገባ ሰው፣ የተሰጠውን ቃል በግማሹ ነው የተቀበለው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «በባህላችን እንግዳን ማሠራት ነውር አይደለም ወይ?» የሚል አለ። እውነት ነው። ባለቤቲቱ እያለች እንግዳ መጥረጊያ ቢያነሣ «ኧረ በሞቴ፣ ተዪው!» ብላ ከእጁ ትነጥቀዋለች። ይህ ግብግብ የፍቅር ነው፤ እንግዳዋ አሸንፋ ብትጠርግ እንኳ አስተናጋጇን ደስ አያሰኛትም። ሆኖም ነገሩን ልብ ብለን እናጢነው። እንግዳዋ መጥረጊያውን የምታስቀምጠው ዕዳ ስለሌለባት ሳይሆን፣ ዕዳዋን ባለ ገንዘቧ ስለተወችላት ነው። ባለቤቲቱ በሌለችበት ቤት ግን «ተዪው» የሚል አፍ የለም። እንግዳው ራሱ ለራሱ «ግድ የለም፣ እነርሱ መጥተው ያጸዱታል» ቢል፣ የራሱን ዕዳ ራሱ ሰረዘ ማለት ነው። ዕዳን የሚምር አበዳሪው እንጂ ተበዳሪው አይደለም። እንግዲህ ባለቤቱ አለመኖሩ ግዴታውን የሚያቀልልን ይመስለን ነበር፤ ሲመረመር ግን የሚያጠብቀው ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይብሳል። «ቤቱ ሠራተኛ አለ፤ ደመወዝ የሚከፈላት ለዚሁ ነው» ይባላል። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል። ቆሻሻ ብቻውን ከቤት አይወጣም፤ ሁልጊዜ የአንድ ሰው እጅ ይፈልጋል። «ለባለቤቱ ተውኩት» ብንልም፣ የተውነው ነገር ከባለቤቱ ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ሠራተኛ እየወረደ በመጨረሻ «እምቢ» ማለት ከማትችለው እጅ ይገባል። ይህች ልጅ በብዙ ቤት ከገጠር የመጣች፣ ምናልባትም ማታ ትምህርት ቤት የምትሄድ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኛን የመሰለውን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ካልወሰነ በቀር፣ ከአዋጁ ሽፋን ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ አምስት ልጆች የረገጧቸውን ምንጣፎች፣ ያደሩባቸውን አንሶላዎች ሁሉ ትተንላት ስንሄድ፣ «ሰዓትሽ ሞልቷል፣ ነገ ይደርሳል» የሚላት አዋጅ የለም። ለእርሷ የሚቆምላት የእንግዳው ኅሊና ብቻ ነው። ባለቤቷ የከፈለቻት ለራሷ ቤት ሥራ እንጂ ለእኛ ጉዞ አይደለም።

ይህን የመሰለ ነገር በጣና ላይም አይተናል። እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ወጪና ድካም ጠይቋል። አረሙን የሚያፋፋው ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ከሰፈር የሚወርደው ፍሳሽ መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ። ማን ምን ያህል እንደጨመረበት ለይቶ መናገር ያስቸግራል፤ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል የታየው ግን የዳር አገር ገበሬና ወጣት ነው። ያቆሸሸውና ያጸዳው አንድ ሰው አልሆኑም። በቤትም በሐይቅም ቆሻሻ የሚወርደው ወደ ታች ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ፤ ጥያቄውን ከባድ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸውና። አዋቂ እንግዳ ቤት ባያቆሽሽ ይችላል። ሕፃን ግን ወጡን ያፈስሳል፣ በከሰል ግድግዳ ላይ ይሥላል፣ መንገድ ደክሞት ፍራሽ ላይ ይሸናል። ወላጅ ታዲያ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይላል። ተረቱ መልካም ተረት ነው፤ ነገር ግን የተነገረው ለማን እንደሆነ እንጠይቅ። ከነንፍጡ መውደድ ያለበት በመጀመሪያ ወላጁ ነው፤ ከነንፍጡ የወደደም ንፍጡን ይጠርጋል። ተረቱን ለባለቤቱ እያነበብን ንፍጡን ለእርሱ ብንተውለት፣ ፍቅራችንን በሰው ገንዘብ ከፈልን ማለት ነው።

በሌላ በኩል ለሕፃኑ ጥፋት ሕፃኑን መምታትና ማሸማቀቅም መፍትሔ አይደለም። ሕፃን ጠፍቶበት አልሸናም፤ ደክሞት ነው። ዕዳው የአዋቂው ነው። ልጁ ግን በአቅሙ ከአከፋፈሉ ይካፈል። የአራት ዓመት ልጅ ያበተነውን የቆሎ ፍሬ ሊለቅም ይችላል፤ የሰባት ዓመቷ ትራሱን ወደ ቦታው ልትመልስ፣ የዐሥር ዓመቱ ጀሪካን ይዞ ወደ ቧንቧ ሊሄድ ይችላል። አዋቂው ብቻውን ቢሠራው ቶሎ ያልቃል፤ ልጆቹ ባሉበት ሲሠራ ግን ይዘገያል። ያ የዘገየው ግማሽ ሰዓት ከገዳሙ በረከት ጋር ልጁ ይዞት የሚመለስ ትምህርት ነው። ልጁ አባቱ ባለቤቱ በማያይበት ቤት ወለል ሲወለውል ካየ፣ «ሰው ሳያይህም ትክክለኛውን ሥራ» የሚለውን ምክር በቃል ባይነግሩትም ተምሮታል።

ከዚህ ጋር ሊረሳ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ማጽዳት አንዳንድ ጊዜ መደበቂያ ይሆናል። የተሰበረው ብርጭቆ ስብርባሪው ተጠርጎ ይጣላል፤ የረጠበው ፍራሽ ይገለበጣል፤ በላዩ የታጠበ አንሶላ ይነጠፋል። ቤቱ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ተዋሽቷል። እንዲህ ያለው ጽዳት ዕዳ መክፈል ሳይሆን ደብዳቤውን መቅደድ ነው። ፍራሹ በፀሐይ ይውጣ፣ የቻልነውን ያህል ይታጠብ፤ ባለቤቱም «ልጁ ሸንቶበታል፣ ብርጭቆም ተሰብሮብናል፣ ተክተናል» ተብሎ ይነገረው። መናገር ያሳፍራል፤ ሆኖም ባለቤቱ ከወር በኋላ ራሱ ሲያገኘው ከሚሰማው ኀዘን የእኛ የአንድ ደቂቃ እፍረት ይቀላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም በጀሪካን የተጠራቀመውን ጨርሶ መሄድ ከእድፉ የባሰ ነው፤ ባለቤቱ ሌሊት ደርሶ የሚጠጣው ያጣልና።

«እንግዲያስ ማንም ሰው በማንኛውም ሁኔታ ይህን ሳያደርግ ቢወጣ በደለኛ ነውን?» ቢባል፣ አይደለም። ጦርነቱ ወደ ወሎ በዘለቀ ጊዜ ሕፃን አዝለው የተሰደዱ እናቶች በዘመድም በማያውቁት ሰውም ቤት ተጠልለው ነበር። በሌሊት «ተነሡ» የተባለችን እናት ስለ አንሶላ የሚጠይቃት ሰው ልብ የለውም። የታመመ ልጅ ይዞ ወደ ሐኪም የሚሮጥም እንዲሁ ነው። ዕዳ በአቅም ይለካል። ሆኖም እኛ በዓል አክብረን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ዓሣ በልተን፣ በመጨረሻ «ረፈደብን» የምንለው ሰዎች የእነዚያን እናቶች ምክንያት መዋስ አንችልም። የረፈደብን ለመውጫው ቀን ሰዓት ስላልቆረስንለት ነው።

በወንጌል የተጻፈውን የአምስቱን እንጀራ ነገር ሁላችን እናውቃለን። ከሴቶችና ከሕፃናት በቀር 5000 ወንዶች በምድረ በዳ ተቀምጠው በሉ። ከጠገቡ በኋላ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ፍርፋሪውን እንዲሰበስቡ አዘዛቸው፤ 12 መሶብም ሞላ። ምክንያቱ ከበረከቱ አንዳች እንዳይጠፋ መሆኑ ተጽፏል። ነገር ግን ሌላውንም እናስተውል፦ ቦታው ምድረ በዳ ነበር፤ «ሜዳዬን አቆሸሻችሁብኝ» የሚል ባለቤት አልቆመበትም። የበሉትም ልጆቻቸውን የያዙ መንገደኞች ነበሩ። ሆኖም ፍርፋሪው እንደወደቀ አልቀረም።

የዘጌም ሰዎች ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ያስተምሩናል። በትውፊት እንደሚነገረው የዘጌ መሬት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የታሰረ ስለሆነ እንዳይታረስና የቀንድ ከብት እንዳይገባበት ተብሎ ኖሯል። በዚህም የተነሣ ቡናውና ደኑ ለብዙ ትውልድ ቆይቶ ዛሬ ለሚሳለመው ምእመን ጥላ ሆኗል። እነዚያ ሰዎች በመሬቱ ተጠቅመውበታል፤ ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ እንዳለ አስበው ተጠቀሙበት። በዚያ ጥላ ሥር አርፎ የውሃ ፕላስቲኩን ጥሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ ያላየውን አስተናጋጅ ቤት አቆሽሾ እንደወጣ ይቈጠራል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ገና ወላጆች አይደለንም። ነገር ግን በጉዞ ላይ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እኅት፣ አክስትና አጎት እኛው ነን፤ ሕፃናቱን የሚይዘውም ወጣቱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ከመነሣታችን በፊት ባለው ምሽት አንድ ሰዓት እንቁረስ። አንሶላው ይታጠብ፣ ወለሉ ይወልወል፣ ጀሪካኑ ይሞላ፣ ቆሻሻው ወደ ማጠራቀሚያው ይሂድ፣ የተሰበረው ይነገር። ሠራተኛዋ ካለችም ስሟን ጠይቀን፣ የሚከብዳትን ሥራ እኛ ይዘን፣ ስንሄድ እናመስግናት።

ይህን ሁሉ ብናደርግም የባለቤቱን ውለታ ከፍለን አንጨርሰውም። ያደርንበት ሌሊት፣ የታመነልን ቁልፍ በመጥረጊያ የሚተመን አይደለም፤ ባለቤቱም ክፍያ አልጠየቀም። እኛ ግን ያስቸገርነውን ድካም በእርሱና በቤቱ ባለችው ልጅ ላይ እንዳንጨምር ያህል ነው። አስተናጋጁ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ሲያስገባን ራሱም በቤቱ እንግዳ መሆኑን መመስከሩ ነው። እንዲህ ከሆነ በዚያ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው የለም፤ ቀድሞ የገባና ኋላ የሚገባ እንግዳ ብቻ አለ። ኋላ ለሚገባው አጽድተን እንውጣለት።