ስሙ ሲነሳ ምን ይቀርልሃል?

ልጄ፣ መኪና ልትገዛ እንደሆነ ሰማሁ። ዕቁቡ ወጥቶልህ፣ ከደመወዝህም ቆጥበህ ለዚህ በመድረስህ ደስ ብሎኛል። እሰይ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። መኪናውን ለምን እንደመረጥከው ሲጠይቁህ «ለወጣት ተብሎ የተሠራ ነው» አልክ አሉ። ስለ ሞተሩ አልተናገርክም። ስለ መለዋወጫውም አልተናገርክም። እስቲ ትንሽ ታገሠኝና ላውጋህ።

ለወጣት ተብሎ የተሠራ መኪና ካንተ በፊትም ነበረ። ሳየን ይባል ነበር። ባለቤቱ ቶዮታ ነው፤ የተሸጠውም በዋናነት በአሜሪካ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ። በዚያ አገር የቶዮታ ገዢ ዕድሜው እየገፋ ሄደ። ወጣቱ ቶዮታን የአባቱ መኪና አድርጎ ያየው ጀመር። ኩባንያውን ይህ አሳሰበው። ወጣቱን የሚጠራበት ሌላ ስም አወጣና በ1995 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ጀምሮ መሸጥ ያዘ። ዋጋው ቁርጥ ነበር፤ ክርክር የለም። (በእኛ ገበያ ቢሆን ማን ይቀበለው ነበር!) ቸርኬውን፣ የድምፅ መሣሪያውን፣ ጌጣጌጡን ገዢው እንደ ፍላጎቱ እየመረጠ ያስጨምራል። ማስታወቂያውም ወጣት ባለበት ሁሉ ነበር፤ ሙዚቃ ካለበት፣ የሥዕል ትርኢት ካለበት አይጠፋም።

ተሸጠም። እ.ኤ.አ. በ2006 ብቻ ከ170 ሺሕ በላይ ሳየን ተሽጧል። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ስሙ ለዘላለም የሚኖር ሊመስለው ይችላል። አልኖረም። ኤክስ ቢ የተባለው ሳጥን መሳይ መኪና በመጀመሪያ የተወደደው ትንሽ፣ ቀለል ያለና ውስጡ ሰፊ ስለሆነ ነበር። ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ ገዝፎና ከብዶ መጣ። ወጣቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣና የወጣቱን ኪስ መታው። ኩባንያውም አዲስ ሞዴል ማምጣቱን አዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሽያጩ ወደ 56 ሺሕ ወረደ። በዓመቱ፣ ጥር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቶዮታ ሳየን የሚለውን ስም ከገበያ እንደሚያነሳው አስታወቀ። በጊዜው የሰሜን አሜሪካ ቶዮታ ኃላፊ ጂም ሌንዝ ይባላል። ሳየን ሲጀመር የመራውም እሱ ራሱ ነበር። የጀመረው ሰው ዘጋው።

ምክንያታቸውን ልብ በልልኝ። የዛሬ ወጣት ከመኪና የሚፈልገው ወላጆቹ የሚፈልጉትን ጥንካሬና አስተማማኝነት ጭምር ሆኗል፣ ስለዚህ የተለየ ስም አያስፈልገውም አሉ። አየህ? በወጣት ስም ነጋዴው ሲደክም ወጣቱ ራሱ የአባቱን መኪና ጠየቀ። እኔ በዚያ ወጣት ኮርቼበታለሁ። አንተም ከእሱ አታንስም።

ሳየን የገዙት ሰዎች ምን ሆኑ ትለኝ ይሆናል። ብዙም አልተጎዱም። መኪናቸው እንደ ወትሮው በቶዮታ ጋራዥ መጠገኑን ቀጠለ። አንዳንዱ ሞዴል ስሙን ብቻ ለወጠ፤ ኤፍ አር ኤስ ይባል የነበረው ቶዮታ 86 ተባለ። ቲ ሲ የተባለው ግን መመረቱ ቀረ። የመጀመሪያዎቹ የሳየን ሞዴሎች፣ ኤክስ ኤና ኤክስ ቢ፣ ደግሞ በአካል ግንባታቸው የቪትዝ ዘመዶች ናቸው። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ በየቀኑ የምታያት ቪትዝ! እሷም ብትሆን ስሟ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 ተነስቶ ያሪስ ተብሏል። ሴቻና ሲቀላ ያሉት መካኒኮች ግን ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቷታል። ስሟ ቢነሳም መለዋወጫዋ አልጠፋም። ልጄ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው።

አንተ የጨንቻ ልጅ ነህ፤ የአፕል ችግኝ ታውቃለህ። ችግኝ የሚገዛ ሰው ላይኛውን ቅርንጫፍ ብቻ አይቶ አይገዛም። የተዳቀለው በምን ሥር ላይ እንደሆነ ይጠይቃል። ላይኛው ቢቆረጥ ሥሩ ደህና ከሆነ ሌላ ይዳቀልበታል። ሥሩ ከደረቀ ግን ላይኛው ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። ሳየን ቅርንጫፉ ተቆረጠ፤ ሥሩ ቶዮታ ነበር።

ሥሩ የደረቀውንም በአገራችን አይተናል። ሆላንድ ካር የሚባል ድርጅት ነበር። ከውጭ የመጣውን እዚሁ ገጣጥሞ፣ በወንዞቻችን ስም አባይ እያለ ይሸጥልን ነበር። እንዴት ያለ ደስ የሚል ስም! ሐሳቡም መልካም ነበር፤ እኔ አልነቅፈውም። ግን ድርጅቱ ከሰረ። የኮንትራት ወረቀቱ፣ የዋስትናው ቃል፣ ሁሉም ከድርጅቱ ጋር ሄደ። ስሙ ያማረ መሆኑ የገዛውን ሰው አላዳነውም።

አንተ ደግሞ የምትገዛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው አሉ። እውነትህን ነው፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። አዲስ የሚገባው ይኸው ነው። አልቃወምህም። ግን ይህኛው ከቀድሞው ይልቅ በሠሪው ላይ ይመካል። የቤንዚን መኪና ሠሪው ቢሞት እንኳ መካኒክ ከሌላ ነቅሎ ያስነሳዋል። የኤሌክትሪኩ ግን ባትሪም አለው፣ ኮምፒውተርም አለው፣ ከስልክህ ጋር የሚያገናኘውም መተግበሪያ አለ። ቻይና ውስጥ ደብሊው ኤም ሞተር የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በኪሣራ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። እሱ ብቻም አይደለም። በዚያ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ስም በአንድ ጀምበር ይወጣል፤ ብዙው ወጣቱን እያባበለ ይመጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ዓመታት ሳይቆይ ይጠፋል። ያንተ የትኛው ነው? ጠይቀሃል?

መንገዱንም አትርሳ። ከአርባ ምንጭ ዶርዜን አልፈህ ጨንቻ እስክትደርስ ሽቅብ ብቻ ነው። ብርድ አለ፣ ጉም አለ፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ አለ። ሽቅቡ ባትሪውን ይበላዋል። ስትወርድ ጥቂቱን ይመልስልሃል፤ የወጣውን ሁሉ ግን አይመልስም። ሻጩ የነገረህ ኪሎ ሜትር በሜዳ የተለካ ነው። መብራት በጠፋ ቀንስ እናትህን ሐኪም ቤት በምን ታደርሳለህ? እየፈራሁልህ እንጂ እየከለከልኩህ አይደለም።

ሌላም ልማድ አለ፣ አትቆጣኝ። የሰፈሩን ልጆች አያለሁ። መኪና እንደገዙ መጀመሪያ የሚያሠሩት ድምፁን ነው። ቀጥሎ ቸርኬውን። ቀጥሎ መስታወቱን ማጥቆር። ፍሬኑን ግን የሚያስታውሱት ቁልቁለቱ ላይ ነው። ያን ገንዘብ ጎማና ፍሬን ላይ ብታውለው እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሰው ምን ይለኛል አትበል። ሰው ዛሬ ያደንቅሃል፤ ከመንፈቅ በኋላ መንገድ ላይ ቆመህ ሲያይህ ደግሞ ያዝንልሃል። አድናቆቱም ሐዘኑም አንተን አይጠቅሙህም።

ስለዚህ ደላላው ሲያጣድፍህ ዝም ብለህ አድምጠው። እሱ የሚሸጥልህ ስም ነው። አንተ ግን የስሙን ባለቤት ጠይቅ። ማን ሠራው? ከዚያ በፊትስ ምን ሠርቶ ያውቃል? ሞተሩና ባትሪው የማን ነው? ዋስትናውን የሚፈርምልህ እዚህ አገር ያለ ድርጅት ነው ወይስ አስመጪው ብቻ? መለዋወጫው አዲስ አበባ ይገኛል? ይህን ስም ነገ ቢያነሱት ይህችን መኪና ማን ይጠግናታል? መልስ ካለው ግዛ፤ እኔም መርቄ አሳፍርሃለሁ። መልስ ከሌለው ግን ለወጣት ተብሎ ተሠራ ማለቱ መልስ አይሆንም።

አንተ አስተዋይ ልጅ ነህ። ትምህርት ቤትም ሳለህ ሳትጠይቅ የምትቀበለው ነገር አልነበረም። ገንዘቡ ያንተ ነው፤ ለማግኘት የደከምክበትንም አውቃለሁ። ቀብዱን ገና ካልከፈልክ አንድ ሳምንት ቆይ። የሻንሲ ቁጥሯን በወረቀት ጻፍና ከምታምነው መካኒክ ጋር ተነጋገር። ከዚያም የነገረህን መጥተህ ንገረኝ።